የመርከበኛው ሸክላዎች

«ያን ሣጥን አትንኪው» አሉኝ፣ ገና ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት። «የእሱ ሴቶች ናቸው እዚያ ያሉት።»

ከአልጋቸው ሥር ልጠርግ ጎንበስ ብዬ ነበር። መጥረጊያዬን ያቆመው የብርቱካን ሣጥን ነው፤ ድሮ የእስራኤሏ የረሆቮት ከተማ ዙሪያ የብርቱካን እርሻ በነበረ ጊዜ ፍሬ ይጫንበት የነበረው ዓይነት፣ ከሥሥ ሳንቃ የተመታ። ላዩ ላይ የተጣለውን ፎጣ ገለጥ ባደርገው ሴትም የሴት ፎቶም አላየሁም። የዘፈን ሸክላ ነበር፣ ሙሉ ሣጥን ሸክላ፣ በየወረቀት ልባሱ እንደ መጽሐፍ ቆሞ የተደረደረ። ፎጣውን መለስኩና የቀረውን ወለል ጠርጌ ወጣሁ።

ሥራዬ መጣፔሌት ይባላል። በሰው ቤት እየገቡ አረጋውያንን ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒታቸውን መስጠት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጠገባቸው መቀመጥ ነው። እኒህ ሴት የሚኖሩት ሻዓራይም ነው፣ የየመን አይሁዶች የድሮ ሰፈር፣ ዝቅ ዝቅ ባሉት ቤቶች መካከል፤ ግድግዳቸው ከምኵራቡ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት የጸሎቱ ድምፅ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማል። ሰፈሩ ሁሉ «ሳፍታ» ይላቸዋል፤ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። እኔም ሳፍታ እላቸው ነበር። ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም፤ እኔ ግን በልቤ አንቱ ብያቸው ነው የኖርኩት።

የምኖረው ክፋር ግቢሮል ነው፣ ከኢትዮጵያ የመጣን አይሁዶች በምንበዛበት ሰፈር፣ ከእናቴ ጋር በኖርኩበት ቤት። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጭነን ስንመጣ እኔ ገና ጡቴ ማጎጥጎጥ የጀመረ ልጅ ነበርኩ፤ እናቴ ሙሉ ሴት ነበረች። እስክትሞት ድረስ ዕብራይስጥ እንቢ እንዳላት ኖረች። ስለዚህ ውጭ የዋልኩበት ቋንቋ ምንም ይሁን ምን፣ በሩን ከፍቼ ስገባ አማርኛ ይጠብቀኝ ነበር፤ «መጣሽ? ምነው ዘገየሽ? በላሽ?» የሚል። ባሌ ልጃችን ትምህርት ቤት ሳትገባ ሌላ ኑሮ መርጦ ሄዷል። ልጄ አሁን ሐይፋ ነው የምትማረው። ዓርብ ዓርብ ትደውላለች።

«ኢማ፣ ሃኮል ቤሰደር?» ትለኛለች፤ እማዬ፣ ሁሉ ደኅና ነው? ለማለት።

«ቤሰደር» እላታለሁ።

ከዚያ ሻባት ሻሎም፣ መልካም ሰንበት፣ ተባብለን እንዘጋለን። ትወደኛለች፣ ይህን አልጠራጠርም። ግን እናቴ ከሞተች ወዲህ አንዳንድ ቀን፣ በተለይ ሻባት ሱቁም አውቶቡሱም ሲቆም፣ ከጠዋት እስከ ማታ አፌን ሳልከፍት የምውልበት ጊዜ ነበር። እሑድ ሥራ ስገባ የመጀመሪያዋ ቃል ከጉሮሮዬ ተፋፍቃ ነበር የምትወጣው።

ሣጥኑ የተከፈተው በሁለተኛው ክረምት ነው። ሳፍታ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበርና ከሆስፒታል ሲመለሱ ከወንበርና ከአልጋ ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም። ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ፊት እንቀመጣለን። ቴሌቪዥኑ ዜና ነው፤ ዜናው ደግሞ እንደሚታወቀው ነው። አንድ ጠዋት፣ ዝናቡ የጓሮውን የሎሚ ዛፍ ሲያንገላታው፣ ሳፍታ እጃቸውን አነሡ።

«አጥፊው» አሉ። «አጥፊውና ያን ሣጥን አምጪው።»

«የሴቶቹን?»

«የሴቶቹን።»

ጎትቼ አወጣሁት። ከቁም ሣጥኑ አናት ደግሞ ፓቴፎኑን አወረድኩ፤ ሸክላ ማጫወቻውን ማለቴ ነው፣ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ፣ ቆዳው የተላጠ። ስንሰካው መብራቱ በራ እንጂ ሰሃኑ አልዞረም። በማግሥቱ ገበያው አጠገብ የድሮ ራዲዮ ለሚጠግን ሽማግሌ ወሰድኩለት። ከፍቶ ሲያየው ደስ አለው፤ የሚያዞረውን ጎማ ለወጠ፣ አዲስ መርፌ ገጠመለት፣ አቧራውን በብሩሽ እየጠረገ ለራሱ ያፏጭ ነበር። «ይሄ እኮ ከኔና ካንቺ በኋላም ይሠራል» አለኝ ሲያስረክበኝ።

እንዲህ ነው የጀመርነው። ሳፍታ ምሳቸውን ከበሉ በኋላ አንድ ሸክላ እናዳምጣለን። በየመሃሉም ስለ ባላቸው ያጫውቱኛል። ሁልጊዜ «እሱ» እያሉ ስለሚጠሩት እኔም ከዚያ ሌላ ስም አላወጣሁለትም።

እሱ የጭነት መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበር። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ በእርሻና በፋብሪካ ሲውል እሱ ገና በወጣትነቱ ባሕር ገባ። ወር፣ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ሲመለስ ከየወደቡ አንድ ሸክላ ይዞ ይመጣል።

«የሌላው መርከበኛ ሚስት ሽቶ ይመጣላታል፣ ሐር ይመጣላታል» አሉኝ። «እኔም ሽቶ ነበር የምፈልገው። እሱ የሰው ድምፅ ያመጣልኛል። የማላውቀው ሰው በማላውቀው ቋንቋ ቤቴ ገብቶ ይዘፍንብኛል።»

ከሸክላዎቹ ገሚሶቹ ዘፈን ናቸው። ሌሎቹ ግን ወሬ ናቸው፤ ለአገር ጎብኚ የተዘጋጁ። አንድ ሰውዬ ስለ ከተማው እየተናገረ ይሄዳል፤ ከኋላው የቤተ ክርስቲያን ደወል ይደወላል፣ የፈረስ ኮቴ ይሰማል፣ የመርከብ ጥሩምባ ይነፋል። ቋንቋው ጣሊያንኛ ይሁን ሌላ እኛ ለይተን አናውቅም። አንደኛው ላይ ሰውዬው ሲናገር ሩቅ ውሻ ጮኸ። ሳፍታ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ይሄ ውሻ ሞቷል አሁን» አሉ።

«ሰውዬውም ሳይሞት አልቀረም።»

«ሰውዬውስ አርጅቶም ሊሆን ይችላል። ውሻው ግን ሞቷል።»

ሌላ ቀን፣ እርስዎስ ከየመን ሲመጡ ለመታሰቢያ የያዙት ነገር አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም ልጅ ሆነው በአውሮፕላን ነው የመጡት።

«መታሰቢያ የሚገዛ ተመልሶ ቤቱ የሚገባ ሰው ነው» አሉ። «እኛን ወደ ቤታችሁ ነው የምትሄዱት ብለውን ነው የተሣፈርነው። ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ምን ብሎ መታሰቢያ ይይዛል? አንቺስ ምን ያዝሽ?»

ግንባሬ ላይ የተለጠፈብኝን የቁጥር ወረቀት ነገርኳቸው። እንዳንጠፋፋ ብለው አውሮፕላኑ ውስጥ ሳንገባ ለሁላችንም የለጠፉብን ነው። እዚህ እንደ ወረድን እያሳከከኝ ላጥኩና ጣልኩት። ከብዙ ዓመት በኋላ እናቴ አንድ ቀን ሳታስበው፣ «ምነው ያችን ወረቀት ባስቀመጥሻት ኖሮ» አለችኝ። ለምን እንዳስታወሰቻት አልጠየቅኋትም። ሳፍታ ይህን ሲሰሙ እጄን መታ መታ አደረጉና ሸክላውን ገልብጪው አሉኝ።

ሣጥኑ እያለቀ ሲሄድ ከጥግ በኩል ልባስ የሌላት አንዲት ሸክላ ቀረች። በጋዜጣ ነበር የተጠቀለለችው። ላወጣት ስል ሳፍታ ቆጣ ብለው፣ «ይችን ተያት!» አሉኝ። ደነገጥኩ። ቆይተው ራሳቸው ማውራት ጀመሩ።

መርከቡ ለብዙ ጊዜ ከኤላት ወደብ በቀይ ባሕር በኩል ይመላለስ ነበር። ከዚያ መስመር ይቺን ሸክላ ይዞ መጣ። ሌሎቹን ሳሎን ውስጥ ሰው ሰብስቦ ነው የሚያሰማው፤ ይችን ግን ፓቴፎኑን ወደ ኋላኛው ክፍል ወስዶ፣ በሩን ዘግቶ ብቻውን ያዳምጣታል። ሳፍታ አንድ ቀን በሩ ላይ ጆሯቸውን ለጠፉ። የሴት ድምፅ ነው። ሴትዮዋ ትናገራለች፤ ዝም ትላለች። ዝም ስትል እሱ ቀስ ብሎ ይመልስላታል። እንደገና ትናገራለች፤ እንደገና ይመልሳል።

«ዘፈን ቢሆን ባልከፋኝ» አሉኝ። «ዘፈን ለሁሉም ነው። ያቺ ግን እሱን ነበር የምታናግረው።»

«እሱን ጠየቁት?»

«ምን ብዬ? በር ላይ ቆሜ ሰማሁህ ብዬ?» ሻርፓቸውን አስተካከሉ። «ባሕሩን ከተወም በኋላ ያዳምጣት ነበር። ልጆቹ አድገው ከወጡም በኋላ። ከሁሉ የባሰው ደግሞ መጨረሻው ነው። ሊሞት አካባቢ፣ እዚህ አልጋ ላይ ተኝቶ እኔ ሾርባ በማንኪያ እያጎረስኩት፣ በእሷ ስም ጠራኝ። አንዴ አይደለም። በበላ ቁጥር። ኤዲያ አልኩ በልቤ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያበሰልኩለት ሰው ሲሞት የሌላ ሴት ስም እየጠራ ነው።»

ትኩስ ሻይ አፍልቼ ሰጠኋቸው፤ አልጠጡትም።

ሳምንት ያህል ሣጥኑን አልነካነውም። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ ወጥታ መስኮቱን ከፍቼ ምንጣፍ ሳራግፍ፣ «እንስማት» አሉኝ። «እሱ ሞቷል፣ እሷም ሞታ ይሆናል። ምን ታመጣብኛለች?»

ጋዜጣውን ፈታሁ። ሸክላዋ መካከል ያለው ክብ ወረቀት ተልጦ ነጭ ሆኗል፣ ጽሑፍ የለውም። አስቀመጥኳት፣ መርፌውን አሳረፍኩና ወደ ምንጣፌ ልመለስ ጀርባዬን ሰጠሁ።

«ጤና ይስጥልኝ።»

ወደ መስኮቱ ነው የዞርኩት። ከሰፈራችን አንዷ፣ ከክፋር ግቢሮል ሴቶች አንዷ ፈልጋኝ መጥታ ውጭ የቆመች መስሎኝ። መስኮቱ ላይ ማንም የለም።

«እንደምን ዋሉ?» አለች ሴትዮዋ ከፓቴፎኑ ውስጥ። ዝም አለች። ከዚያ፣ «ይግቡ፤ ይቀመጡ።» እንደገና ዝም። ሸክላው ብቻ ኮሽ ኮሽ ይላል።

«ቤተሰብዎ ደኅና ነው?»

«ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄም ደኅና...» አልኩ። ሳላስበው ነው። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ እንግዳ ተቀባይ ፊት እንደ ቆመ ሰው፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ። ሴትዮዋ ግን መልሴን ሳልጨርስ ቀጠለች። «መንገዱ እንዴት ነበር?» አለች።

አጠራሯ የድሮ ራዲዮ አጠራር ነው፣ የተወለወለ፣ እያንዳንዱ ፊደል በየቦታው የተቀመጠ። የእኔና የእናቴ የጎንደር ገጠር አማርኛ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ግን እናቴ ከሞተች ወዲህ በቤት ውስጥ፣ ጣራ ሥር፣ ቤተሰብሽ ደኅና ነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው ይቺ የመጀመሪያዋ ነበረች። ዓይኔ ሞላ። ሳፍታ ያዩኛል።

«ታውቂያታለሽ?» አሉ። ፊታቸው ነጥቷል።

«አላውቃትም፣ ሳፍታ። ቋንቋዬን ነው የምትናገረው። አማርኛ ነው።»

«ምን ትለዋለች?»

መርፌውን አነሣሁና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ነገሩ እስከዚያ ገብቶኝ ነበር። «ማንንም አይደለም የምታናግረው» አልኳቸው። «ትምህርት ነው። አማርኛ ለማያውቅ የውጭ አገር ሰው የተሠራ። አንድ ነገር ትላለች፣ ተማሪው እንዲደግመው ዝም ትላለች፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ታልፋለች። እንደምን ዋሉ ነው የምትለው። ግቡ፣ ተቀመጡ ነው የምትለው።»

ሳፍታ የሚስቁ መስሎኝ ነበር። ዕፎይ ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከፓቴፎኑ አልነቀሉም።

«ቀጥይ» አሉኝ በመጨረሻ። «የምትለውን ሁሉ ንገሪኝ።»

ሴትዮዋ ስለ ገበያ ተናገረች። ሎሚው ስንት ነው፣ ዓሣው የዛሬ ነው ወይ፣ ቀንሱልኝ። ስለ ባቡርና ስለ ሆቴል ተናገረች። እኔ እያንዳንዱን ወደ ዕብራይስጥ እመልሳለሁ፤ ሳፍታ በእያንዳንዱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ግን ፊታቸው እየጠቆረ ነው የሄደው። ያ ገጽ ሲያልቅ እጃቸውን አጨበጨቡ፣ አንዴ ብቻ፣ በብስጭት።

«ሎሚ!» አሉ። «ዕድሜዬን ሙሉ የተጣላኋት ሴት ሎሚ ስንት ነው የምትል ናት? ፀጉሯን እንዴት እንደምትሠራ እንኳ ሳይቀር አውቅ ነበር እኮ። ቀይ ቀሚስ ነበራት። በሐሳቤ ስንት ጊዜ አስወጥቻታለሁ ከዚህ ቤት!»

«እንኳን አልኖረች፣ ሳፍታ።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ» አሉኝ። «እሱ ሲሄድ፣ ልጆቹ ሲሄዱ፣ እሷ እዚህ ነበረች። የምቆጣው ሰው ነበረኝ።»

ይህን አባባላቸውን ያን ጊዜ አልተረዳሁትም፤ ወደ ቤቴ ስሄድ መንገድ ላይ ነው የተረዳሁት።

በማግሥቱ ገና እንደ ገባሁ፣ ቁርሳቸውን ሳላቀርብ፣ «ሌላው ገጽ አለ» አሉኝ። ሌሊቱን ሲያስቡ እንዳደሩ ያስታውቃል። «ለወደብ ብሎ ቋንቋ የሚማር የለም። ለሎሚ ብሎ ሃያ ዓመት የሚማር የለም። ሌላውን ገጽ አሰሚኝ።»

ገለበጥኩት። ይኼኛው ስለ እንግድነት ነው። አሁን ሁለት ድምፅ ሆነዋል፣ ያቺ ሴትና አንድ ወንድ። ሰውዬው እንግዳ ነው፣ ምሳ ተጋብዟል። እጅዎን ይታጠቡ ትለዋለች። ይብሉ፣ ይጨምሩ ትለዋለች። ጠገብኩ ይላል። እኔ ከሥር ከሥር እተረጉማለሁ። ምግቡ ሲያልቅ ሰውዬው በዚያ በተወለወለ ድምፁ፣

«እጅሽ ይባረክ» አለ።

ሳፍታ የክንዴን ሥጋ ጨምድደው ያዙኝ። «አቁሚው!»

አቆምኩት።

«ስሟ ነው» አሉ። «ይኸው ስሟ። በዚህ ነበር የሚጠራኝ። ኢጂሽ። እጅ... እንደዚያ። ሰውየው ጠራት፣ ሰማሽ?»

መጀመሪያ ምን እንደሚሉ አልገባኝም። መርፌውን ወደ ኋላ መልሼ ደግሜ አሰማኋቸው። «እጅሽ ይባረክ» አለ ሰውዬው፤ ሳፍታም ከሱ ጋር እኩል ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። ትክክል አሉት ማለት አይደለም፣ ፊደሉ ሁሉ ተሰባብሯል። ግን ቃሉ ያው ነው።

«ሳፍታ» አልኳቸው፣ «ስም አይደለም።»

«እና ምንድን ነው?»

እጃቸውን ያዝኩ፤ ክንዴን የጨመደደውን። «አብስላ ላበላች ሴት የሚባል ነው። ይቺ እጅ ትባረክ ማለት ነው። ያጎረሰችኝ እጅ ትባረክ።»

ምኵራቡ ውስጥ የጠዋቱ ጸሎት አብቅቶ ሰዎች እያወሩ ሲወጡ ይሰማል። ሳፍታ እጃቸውን ከእጄ ውስጥ አወጡና ገልብጠው አዩት፣ መዳፉን፣ ከዚያ ጀርባውን። ሰው ስለ እንዲህ ያለ ነገር ሲጽፍ አለቀሱ ይላል። አላለቀሱም። ተቆጡ። ያን ያህል ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም።

«እና ለምን በቋንቋዬ አላለኝም?» አሉ። «እኛም እኮ እንደዚያ እንላለን። እናቱ ለኔ እንደዚያ ትለኝ ነበር፣ በየመን ቋንቋ። እሱ ግን አንድ ቀን ብሎኝ አያውቅም፣ አንድ ቀን! ጨው በዛ ነው የሚለኝ። ምግብ አብሳይ ነዋ፣ ጨው በዛ፣ ሽንኩርቱ አልበሰለም። ምን ዓይነት ሰው ነው ሚስቱን በማይገባት ቋንቋ የሚመርቃት?»

እሱን አላውቀውም፤ ፎቶውን ግድግዳው ላይ አይቼዋለሁ፣ ትከሻው ሰፊ፣ አፉ የተገጠመ ሰው ነው። ምናልባት መርከቡ ወጥ ቤት ውስጥ አማርኛ የሚናገር ረዳት ነበረው። ምናልባት ወደቡ ላይ አንድ ቤት ተጋብዞ በልቶ፣ የሚለው ቃል አጥቶ አፍሮ ነበር። ምናልባትም ቀይ ቀሚስ ነበረ። ይህን ሁሉ ግን ለሳፍታ አላልኳቸውም። «ቁርስዎ ይቀዘቅዛል» ነው ያልኳቸው።

እንቁላልና ቲማቲም ነበር የሠራሁት። በልተው ጨረሱ። ሳህኑን ላነሣ ስል አንጋጠው አዩኝና ያንን ቃል አሉኝ፣ እሱ ይል እንደነበረው ሰባብረው። ዕድሜ ይስጥዎ አልኳቸው። መልሱ ይሄ ነው ወይ አሉኝ። ይሄ ነው አልኳቸው። «እኔ እኮ ዝም ነበር የምለው» አሉ። «ማንኪያውን አስቀምጬ እወጣ ነበር።»

ከዚያ ወዲያ ያችን ሸክላ በየቀኑ ሰማናት። ሳፍታ ለመማር ነው የሚሰሙት፤ እኔ ለምን እንደምሰማ አልነገርኳቸውም። ሴትዮዋ ቤተሰብዎ ደኅና ነው ስትል ሁለታችንም እንመልሳለን፣ እኔ ፈጠን፣ እሳቸው ዘግየት እያልን። አንዳንዴ ስለ ልጄ ነግሬያት አልጨርስም፣ መንገዱ እንዴት ነበር ስትለኝ። ወደ ክፋር ግቢሮል ስመለስ ደረጃውን እየወጣሁ የቀረኝን ወሬ በአፌ ይዤ እገባ ነበር።

በጋው ሳይገባ ሳፍታ እንደገና ወደቁ። ይህን ጊዜ አጥንት አልተሰበረም፤ ልጆቻቸው ግን ተሰበሰቡና ሴት ልጃቸው ጋ፣ አሽቀሎን፣ እንዲሄዱ ወሰኑ። ወንዱ ልጅ ቤቱን ባዶ ሲያደርግ ሣጥኑን አውጥቶ በር ላይ አስቀመጠው፤ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስበው ሰውዬ በማይክራፎኑ እየጮኸ ሲያልፍ እንዲወስደው። ሳፍታ ከወንበራቸው ሆነው ጠሩኝ።

«ፓቴፎኑን አንቺ ውሰጂ» አሉ። «ከሸክላውም አንድ ምረጪ።»

«የአማርኛዋን እርስዎ ይዘው ይሂዱ» አልኳቸው።

«እሷንማ ማን ይሰጥሻል!» አሉና ከመቀመጫቸው ጎን በጋዜጣ የተጠቀለለችውን አሳዩኝ። ያለ ፓቴፎን ምን ያደርጉበታል ልል ነበር፤ ተውኩት። በቃላቸው ይዘዋታል።

ጎንበስ ብዬ ከሣጥኑ አንዷን አወጣሁ። ለምን እሷን እንዳወጣሁ አላውቅም። ልባሷ ላይ ወደ ባሕር የሚወርድ ነጭ ደረጃ ተሥሏል፤ ፊደሉ ዕብራይስጥም እንግሊዝኛም አይደለም። ሰምተናት ነበር። ዘፈን የላትም፣ ደወል የላትም፣ አንድ ሰውዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይናገራል።

አሁን የምሠራው እዚያው ክፋር ግቢሮል ነው፣ ከቤቴ ሁለት ሕንፃ ራቅ ብሎ፣ መናገር ያቆመ አንድ ሽማግሌ ጋ። በዕረፍቴ ቀን ከረሆቮት ጣቢያ ባቡር ተሳፍሬ ሳፍታን ለማየት አሽቀሎን ሄጄ አውቃለሁ። ደኅና ናቸው። የልጅ ልጆች ይገባሉ ይወጣሉ፣ ቤቱ ይጮሃል፣ ሴት ልጃቸው ሰው የምታከብር ናት። ሸክላዋን በብርጭቆው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ እንደ ጌጥ ሳህን አቁመዋታል። ስለ እሱ አንድም አላነሡም፤ እኔም አላነሣሁም። ሳይጨርሱት ትተውት የነበረ ሹራብ እየሠሩ ስለ ልጅ ልጃቸው ሠርግ አወሩኝ። ደስ አለኝ። ባቡሩ ውስጥ ተቀምጬ ስመለስ ግን ከሁለታችን ብቻዬን የቀረሁት እኔ መሆኔን አሰብኩ፤ አስቤም አልተቀየምኳቸውም።

ማታ ማታ እራት ከበላሁ በኋላ የሸክላውን ሰውዬ አስነሣዋለሁ። ምን እንደሚል አላውቅም። ድምፁ ወፍራም ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ይስላል፣ ይቅርታ የሚል የሚመስል ነገር ይላል፣ ይቀጥላል። ሳህኔን እያጠብኩ እሰማዋለሁ።

ልጄ ለፋሲካ በዓል መጥታ ሲናገር አገኘችው። በሩ ላይ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች ቆመች።

«ኢማ፣ ማን አለ?» አለችኝ።

«ማንም የለም። ታክሊት ነው» አልኳት፤ ዕብራይስጡ ሸክላን እንደዚያ ነው የሚለው።

መጥታ ሶፋው ላይ ተቀመጠች፣ ልባሱን አገላብጣ አየች። «ምንድን ነው የሚለው?»

«አላውቅም።»

«ካላወቅሽ ለምን ትሰሚዋለሽ?» በዕብራይስጥ ነው የምናወራው። ስልኳን አወጣች። «ቆይ፣ ይሄ ግሪክኛ ይመስለኛል። ስልኩ ይተረጉመዋል፣ ሁለት ደቂቃ ነው።»

«ተዪው» አልኳት።

«ለምን?»

ለምን እንደሆነ አስረዳት ዘንድ ስለ ሳፍታ መናገር ጀመርኩ። ስለ ሣጥኑ፣ በዝግ በር ስለሚሰማው ድምፅ፣ ስለ ቁርሱ ቀን። ያን ያህል ረጅም ነገር ለልጄ ነግሬያት አላውቅም። ስልኳን ከጎኗ አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ እግሯን አጥፋ አዳመጠችኝ። ስጨርስ ሸክላው አልቆ መርፌው መጨረሻው ላይ ይንኳኳል፤ ተነሥታ አነሣችውና ሰውዬውን ከመጀመሪያው አስጀመረችው። ሳያልቅ እዚያው ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። አንሶላ አለበስኳት።

በዓሉ ሲያልፍ ወደ ጣቢያው ሸኘኋት። መድረኩ ላይ ወታደሮች ከነቦርሳቸው ተኝተዋል፣ ወደ ቴል አቪቭ የሚሄዱ ሠራተኞች ተሰልፈዋል። ባቡሩ ሲገባ አቀፈችኝ፤ ከዚያ በሩ ሊዘጋ ሲል ዞር አለችና፣ ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ በአማርኛ፣

«ደኅና ሁን፣ ኢማ» አለችኝ። ለወንድ የሚባለውን።

አላረምኳትም። ባቡሩ እስኪሄድ እጄን አወዛወዝኩላት፣ ከዚያም ሽማግሌው ቁርሱን ሳይበላ እንዳይቆየኝ ብዬ በእግሬ ተመለስኩ።